የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከውድድር መሰናበት

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከውድድር መሰናበት ኢትዮጵያዊው የረጅም ርቀት ሯጭ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከውድድር ዓለም መለየቱን ሁለት ጊዜ ያስታወቀበት የአራት ዓመት ከመንፈቅ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ስንብት የተነገረው ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2010) በኒው ዮርክ ማራቶን ዕለት ሲሆን፣ ከደጋፊዎች በመጣው ምላሽና በአትሌቱ ፍላጎት ከሳምንት በኋላ ተሽሯል። ሁለተኛውና የመጨረሻው የተነገረው ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2015) በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ነው።

የመጀመሪያው ስንብት በኢትዮጵያ ድንጋጤ ሲፈጥር ሁለተኛው በምስጋና ታልፏል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደጋፊዎች አንድ ታላቅ ስፖርተኛ ሲያቆም ምን እንደሚጠይቁት፣ ስፖርተኛውም ለእነሱ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት የሚያሳይ ምሳሌ ተደርጎ ይወሰዳል።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ያመለክታል።

ስለ ቃሉ አገባብ

በአማርኛ «ጡረታ» በመጀመሪያ የሚያስታውሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ያገለገለ ሠራተኛ በዕድሜ ምክንያት ሥራውን ሲተው የሚያገኘውን አበል ነው። ጡረታ የወጣ ሰው አርፎ የሚቀመጥ፣ በልጆቹና በመንደሩ የሚከበር አዛውንት ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ቃሉ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ለሚገኝ ሯጭ ሲነገር ለጆሮ እንግዳ ይሆናል።

የስፖርት ጋዜጠኞች በብዛት የሚጠቀሙት «ራሱን ከውድድር አገለለ» ወይም «ጫማውን ሰቀለ» የሚለውን ነው። «ጫማ መስቀል» የሚለው አነጋገር በእግር ኳስም በሩጫም ያገለግላል። የተሰቀለ ነገር ግን ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ በኃይሌ ታሪክ የሆነውም ይኸው ነው።

ዳራ

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1973) በአርሲ፣ አሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ አሥር ልጆች ነበሩት። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ጠዋትና ማታ ይሮጥ ነበር። ሲሮጥ የግራ ክንዱን ወደ ደረቱ ጠጋ አድርጎ የሚይዘው በልጅነቱ ደብተርና መጽሐፍ ይዞ ከመሮጥ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። ይህ ታሪክ በመላ አገሪቱ ተወዳጅ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአርሲም ሆነ በሰሜን ተራሮች ግርጌ በደባርቅና በዳባት ገጠር ብዙ ተማሪ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ይማራል። ኃይሌ ለዚህ ተማሪ ከሩቅ የመጣ ጀግና ሳይሆን የራሱን መንገድ የሮጠ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1992 በሴኡል በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1993፣ በ1995፣ በ1997 እና በ1999 በተከታታይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ያገኘውን ወርቅ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ ደገመው።

የሲድኒው ፍጻሜ በኢትዮጵያውያን የስፖርት ትዝታ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። የመጨረሻው ዙር ላይ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ቀድሞ ሲወጣ ኃይሌ ተከተለው፤ የመጨረሻው ቀጥታ ላይም ደረት ለደረት ተያይዘው ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ አሸነፈ። ቴርጋት የገባው በ27፡18.29 ነው። ልዩነቱ የአንድ ሰከንድ 9 መቶኛ ብቻ ነበር። ሦስተኛ የወጣውም ኢትዮጵያዊው አሰፋ መዝገቡ ነው። በዚያ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ አራት ወርቅ ያገኘች ሲሆን፣ ቡድኑ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሕዝቡ ወደ ጎዳና ወጥቶ ተቀበለው።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ «ይቻላል» የሚለው ቃል ከኃይሌ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቃሉ በማስታወቂያ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳና በወጣቶች ንግግር ውስጥ ገብቷል። ኃይሌን ማሸነፍ የለመደ ሯጭ ብቻ ሳይሆን የአንድ አስተሳሰብ ምልክት ያደረገው ይህ ነው። ይህም የመሰናበቱን ነገር ከባድ አድርጎታል፤ «ይቻላል» ያለ ሰው «በቃኝ» ሲል ለብዙዎች ለማመን ያስቸግር ነበር።

ከመም ወደ ጎዳና

የኃይሌ ደጋፊዎች ስንብትን በከፊል የቀመሱት ከ2003 ዓ.ም. በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ወጣቱ ቀነኒሳ በቀለ በ10,000 ሜትር ቀደመው፤ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በአቴንስ ኦሊምፒክ ኃይሌ በእግሩ ጅማት ሕመም እየተቸገረ ሮጦ አምስተኛ ወጣ። በዚያ ውድድር ወርቅና ብር ያገኙት ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ የቀረውን ኃይሌን እየዞሩ መመልከታቸውና ፍጥነታቸውን መቀነሳቸው ለታላቅ የተሰጠ አክብሮት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወሳል። የ10,000 ሜትር ዘውድ ከኃይሌ ወደ ቀነኒሳ የተላለፈው በዚህ መልክ፣ ያለ ቂም ነበር።

ኃይሌ ግን አላቆመም። ወደ ማራቶን ዞሮ ከ2006 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የበርሊን ማራቶንን አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2007 በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008) ደግሞ በ2፡03፡59 በመግባት ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ያደረገው በ35 ዓመቱ ነው። ደጋፊዎቹ በዕድሜው ላይ የነበራቸው ስጋት በዚህ ተሸነፈ፤ ኃይሌ ማርጀት የማያውቅ መሰላቸው።

የኒው ዮርክ ዕለት

በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኃይሌ 37 ዓመቱ ነበር። በዚያው መስከረም በእንግሊዝ የታላቁ ሰሜን ግማሽ ማራቶንን በ59 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ አሸንፎ ስለነበር ጥሩ አቋም ላይ እንዳለ ይታመን ነበር። ኒው ዮርክ በሙሉ ማራቶን ሮጦባት የማያውቅ ከተማ ስለሆነች ውድድሩ በጉጉት ተጠበቀ።

ከውድድሩ በፊት በቀኝ ጉልበቱ ላይ ሕመም ተሰምቶት ነበር። ምርመራው ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙንና ጅማቱ መቆጣቱን አሳየ። ሆኖም እሑድ ጠዋት ከመነሻው መስመር ላይ ቆመ። ከመንገዱ ከግማሽ በላይ ከተጓዘ በኋላ፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ኩዊንስን ከማንሃተን በሚያገናኘው የኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ ሩጫውን አቋረጠ።

ከውድድሩ በኋላ በተሰጠው መግለጫ ላይ ኃይሌ እንባ እየተናነቀው ተናገረ። ስለ ማቆም ከዚያ በፊት አስቦ እንደማያውቅ፣ ዛሬ ግን ቀኑ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ሌላ ሥራ እንደሚሠራና ለወጣቶቹ ዕድል እንደሚሰጥ ገለጸ። ሰበብ መደርደር እንደማይፈልግም ጨምሮ ተናግሯል። ውሳኔው ሥራ አስኪያጁን ሆላንዳዊውን ዮስ ሄርመንስን ጨምሮ የቅርብ ሰዎቹን ያስደነገጠ ነበር።

ውድድሩን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ገብረ እግዚአብሔር ገብረ ማርያም ነው። በመጀመሪያ ማራቶኑ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ገብቶ ድሉን ተቀዳጀ። በሌላ ዕለት ቢሆን ዜናው ሁሉ የእሱ ይሆን ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን የአገሩ ሰው ድል በሌላው የአገሩ ሰው ስንብት ተሸፈነ። «ለወጣቶች ዕድል ልስጥ» የሚለው የኃይሌ ቃልና የገብረ እግዚአብሔር ድል በአንድ ቀን መግጠማቸው ተተኪ አለመጥፋቱን አሳየ። ደጋፊው ያዘነው ግን ተተኪ በማጣት ሳይሆን ሰውየውን በማጣት ነበር።

የደጋፊዎች ምላሽ

በኒው ዮርክና በአዲስ አበባ መካከል በዚያ ወቅት የስምንት ሰዓት ልዩነት ስለነበር ወሬው ኢትዮጵያ የደረሰው እሑድ ምሽት ነው። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሰው ጥቂት በመሆኑ አብዛኛው ሕዝብ ዜናውን የሰማው በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ ቀጥሎም ከሰው አፍ ነበር።

ምላሹ በሦስት መልክ ሊታይ ይችላል።

ድንጋጤ። ስንብቱ ያልተጠበቀ ነበር። ደጋፊው የለመደው ኃይሌ ሲያሸንፍ ፈገግ የሚል፣ ሲሸነፍም ስለሚቀጥለው ውድድር የሚያወራ ሰው ነው። ሲያለቅስ ማየትና «አበቃ» ሲል መስማት ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር።

ተማጽኖ። ኃይሌ ውሳኔውን እንደገና እንዲያጤን ከአገር ቤትም ከውጭም ተጠየቀ። በኢትዮጵያ ባህል ተቆጥቶ ወይም አዝኖ ከቤቱ የወጣን ሰው ሽማግሌ ልኮ መመለስ የተለመደ ነው። በንዴት የተነገረ ቃል እንደ መጨረሻ ቃል አይቆጠርም፤ ሰውየው ሲረጋጋ እንዲመለስ በር ይተውለታል። የደጋፊዎቹ ጥያቄም ከዚህ ልማድ ጋር ይመሳሰላል። «አትተው» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ሆነህ አትተው» የሚል ነበር። ቅር ያላቸው መሰናበቱ ሳይሆን የተሰናበተበት ቦታና ሁኔታ ነው፤ ከአገሩ ርቆ፣ ድልድይ ላይ፣ ታሞ፣ ውድድሩን ሳይጨርስ።

ምስጋናና «ይበቃዋል» ባይነት። በሌላ በኩል አንድ ሰው ሁለት የኦሊምፒክና አራት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አምጥቶ፣ ክብረ ወሰን ደጋግሞ ሰብሮ፣ ጉልበቱን እያመመው ሩጥ መባሉ ተገቢ አይደለም የሚል አስተያየትም አለ። በዚህ አስተያየት መሠረት አካሉ የአትሌቱ ነው፤ ሕመሙን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

ከሦስቱ ጎልቶ የወጣው ተማጽኖው ነው። ለዚህም ምክንያቶች አሉት። አንደኛ፣ ኃይሌ ከአሥር ዓመት በላይ ለኢትዮጵያ በዓለም መድረክ ከሚታወቁ ጥቂት መልካም ስሞች አንዱ ነበር፤ በረሃብና በጦርነት ዜና የሰለቸ ሕዝብ በእሱ ድል ራሱን ሲያይ ኖሯል። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ አማካይነት ኃይሌ ተራውን ሰው ከተመልካችነት ወደ ሯጭነት አምጥቶታል። የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ራሱ ነው። በየዓመቱ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚሮጥበት ይህ ውድድር በዚያው ኅዳር አሥረኛ ዙሩን ሊያካሂድ ቀናት ሲቀሩት ነው የስንብቱ ወሬ የመጣው። ሦስተኛ፣ የለንደን ኦሊምፒክ ሁለት ዓመት እንኳ አልቀረውም ነበር፤ ኃይሌ በኦሊምፒክ ማራቶን ሮጦ አያውቅም። በቤጂንግ እ.ኤ.አ. በ2008 የከተማዋ የአየር ብክለት አስሙን እንዳያባብስበት ሠግቶ ማራቶኑን ትቶ በ10,000 ሜትር ስድስተኛ ወጥቷል። ስለዚህ ደጋፊው ያልተከፈለ አንድ ተስፋ በእጁ ይዞ ነበር።

ውሳኔው ስለ መሻሩ

ከሳምንት በኋላ ኃይሌ በትዊተር ገጹ ባስተላለፈው መልእክት ወደ ውድድር እንደሚመለስ አስታወቀ። በኒው ዮርክ የተናገረው በጉዳት ስሜት ውስጥ ሆኖ መሆኑን፣ ሩጫ በደሙ ውስጥ ያለ መሆኑንና መወዳደሩን እንደሚቀጥል ገለጸ።

ይህ መመለስ በአብዛኛው በደስታ ተቀባይነት አገኘ። አንድ ጥያቄ ግን ጥሎ አለፈ፤ ኃይሌ የተመለሰው ራሱ ስለፈለገ ነው ወይስ ሕዝቡ ስለለመነው? ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሮጥ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ሐዘን የተናገረውን ቢያነሣ አያስገርምም። በዚያው ልክ ከየአቅጣጫው «ተመለስ» የተባለ ሰው ፍላጎቱ ከሌሎች ፍላጎት ጋር መደባለቁ አይቀርም።

ከመመለስ በኋላ

የተገኘው ውጤት ድብልቅ ነው። ኃይሌ ሊሮጥበት የነበረው የየካቲት 2003 ዓ.ም. የቶኪዮ ማራቶን በጉልበቱ ምክንያት ቀረበት። በሚያዝያ ግን የቪየናን ግማሽ ማራቶን በ60 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ አሸነፈ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታትም ደገመው። በማንቸስተር የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫም እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 አሸንፎ በዚያች ከተማ ያገኘውን ድል አምስት አደረሰ።

በማራቶን የገጠመው ሌላ ነበር። መስከረም 14 ቀን 2004 ዓ.ም. በበርሊን፣ ክብረ ወሰኑን ባስመዘገበበት ጎዳና ላይ፣ ኬንያዊው ፓትሪክ ማካው በ2፡03፡38 ገብቶ የኃይሌን ሰዓት አሻሻለ። ኃይሌ በዚያው ውድድር ነበር፤ በአተነፋፈስ ችግር ሳይጨርስ ወጣ። ክብረ ወሰኑ ሲሰበር ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ከማየት ይልቅ ጎዳናው ላይ ሆኖ መሸነፉ የመመለሱ አንዱ ዋጋ ነው።

በየካቲት 2004 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶን በ2፡08፡17 አራተኛ ወጣ። ይህ ሰዓት በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለለንደን ኦሊምፒክ ለመመረጥ የሚበቃ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት በርካታ ኢትዮጵያውያን ከዚህ በእጅጉ የፈጠነ ሰዓት ነበራቸው። የመጨረሻው ዕድል በግንቦት በሆላንድ ሄንግሎ የተካሄደው የ10,000 ሜትር ውድድር ነበር። የ39 ዓመቱ ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ20.39 ሰከንድ ሰባተኛ ወጣ። የለንደን ተስፋ በዚህ አበቃ። በሄንግሎ ግን ምንም ዓይነት ለቅሶና ልመና አልነበረም። ከኒው ዮርኩ ጋር ሲነጻጸር በውጤት ደረጃ ይበልጥ የመጨረሻ የነበረው ይህ ሽንፈት ነው፤ ደጋፊው ግን የሚወደው ሰው ሞክሮ መሸነፉን በዓይኑ ስላየ በጸጥታ ተቀበለው።

የማንቸስተር ስንብት

ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ኃይሌ በ42 ዓመቱ በታላቁ የማንቸስተር ሩጫ ተሳትፎ በ30 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ 16ኛ ወጣ። ከውድድሩ በኋላ ከውድድር ዓለም መለየቱን አስታወቀ። በዚህ ጊዜ የለየው ነገር አለ፤ የተሰናበተው ከውድድር እንጂ ከሩጫ አይደለም። መሮጥ ሕይወቱ ስለሆነ ማቆም እንደማይችል ተናግሯል።

የዚህ ስንብት ቦታም ሆነ ሁኔታ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ማንቸስተር አምስት ጊዜ ያሸነፈባት ከተማ ናት። ውድድሩን ጨርሷል። ያስታወቀው ሳያለቅስ፣ በፈገግታ ነው። በመላው ዓለም ያሉ ደጋፊዎች የመለሱት «ተመለስ» ሳይሆን «እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

ከሌሎች ኢትዮጵያውያን አትሌቶች ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ ቀን ተቆርጦለት፣ መግለጫ ተሰጥቶበት የሚደረግ ስንብት የተለመደ አይደለም። አበበ ቢቂላ በሜክሲኮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1968 በጉዳት ምክንያት ማራቶኑን አቋርጦ ሲወጣ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ዐረፈ። ሕዝቡ እሱን የተሰናበተው በቀብሩ ነው። ማሞ ወልዴ በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ በአርባ ዓመት ዕድሜው ገደማ የማራቶን ነሐስ አግኝቷል።

ደራርቱ ቱሉ ከኃይሌ ስንብት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በዚያችው ኒው ዮርክ በ37 ዓመቷ ማራቶኑን አሸንፋ ነበር። በተመሳሳይ ዕድሜ፣ በተመሳሳይ ጎዳና ላይ የአንዷ ትንሣኤ የሌላው ስንብት መሆኑ የደጋፊውን ቅሬታ አባብሶታል ማለት ይቻላል። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በ42 ዓመቱ ማራቶን ሮጧል። ከኃይሌ ታሪክ በኋላ ደጋፊው የአንድ አትሌት ዕድሜ መግፋት የፍጻሜ ምልክት መሆኑን በችኮላ መናገር ትቷል።

ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር

በስሜት የተነገረ ስንብት በደጋፊ ልመና ሲሻር የታየው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ለኃይሌ ታሪክ በጣም የሚቀርበው የአርጀንቲናው ሊዮኔል ሜሲ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2016 ከኒው ዮርክ ማዶ በኒው ጀርሲ በተደረገው የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ሜሲ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ አርጀንቲናም በቺሊ ተሸነፈች። ወዲያው ከብሔራዊ ቡድን መሰናበቱን ተናገረ። በቦነስ አይረስ ደጋፊዎች በዝናብ ውስጥ አደባባይ ወጥተው ለመኑት። በኦገስት ውሳኔውን ሻረ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፓ አሜሪካን፣ በ2022 የዓለም ዋንጫን አነሣ። የሜሲ መመለስ በዋንጫ ተካሰ፤ የኃይሌ በዋንጫ አልተካሰም።

ለሁለተኛው ስንብት የሚቀርበው ደግሞ ከክረምት ስፖርት የመጣ ነው። በበረዶ ላይ በሙዚቃ ታጅቦ የሚደረገው የጫማ ሸርተቴ ውድድር፣ ፊገር ስኬቲንግ፣ በኢትዮጵያ አይዘወተርም፤ አገሪቱ በክረምት ኦሊምፒክ የተወከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2010 በበረዶ መንሸራተቻ በተወዳደረው በሮቤል ተክለ ማርያም ነው። በጃፓን ግን ስፖርቱ እንደ ኢትዮጵያ ሩጫ የሚወደድ ነው። የሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑ ዩዙሩ ሀንዩ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2022 ውድድር ማቆሙን ሲያስታውቅ ሸርተቴን እንደማይተው፣ ከዚያ ወዲያ በትርኢት እንደሚቀጥል ገለጸ። በተከታዩ ፌብሩዋሪ በቶኪዮ ዶም ብቻውን ባቀረበው ትርኢት 35,000 ያህል ተመልካች ተገኘ። እሱም እንደ ኃይሌ በውድድርና በስፖርቱ መካከል መስመር አሰመረ፤ ደጋፊዎቹም የሚወዱት ነገር ሙሉ በሙሉ ስላልተወሰደባቸው ስንብቱን በቀላሉ ተቀበሉት።

ከስንብት በኋላ

ኃይሌ ከውድድር ከመለየቱ በፊትም በንግድ ሥራ ይታወቅ ነበር፤ በሐዋሳ፣ በጎንደርና በሌሎች ከተሞች በስሙ የሚጠሩ ሆቴሎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአትሌቶች በቀረበ ተቃውሞ ምክንያት ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ፤ ቦታውንም ደራርቱ ቱሉ ተረከበች። ከዚህ ሥልጣን ሲለቅ እንደ 2003 ዓ.ም. ያለ ልመና አልተሰማም። ሕዝቡ የለመነው ለሯጩ እንጂ ለሹሙ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየኅዳሩ ይካሄዳል። ኃይሌም በመነሻው መስመር አካባቢ አይታጣም።

የጊዜ ቅደም ተከተል

• መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. — በበርሊን 2፡03፡59፣ የዓለም ክብረ ወሰን
• ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. — የኒው ዮርክ ማራቶንን አቋረጠ፤ መሰናበቱን አስታወቀ
• ኅዳር 2003 ዓ.ም. — ውሳኔውን ሻረ
• ሚያዝያ 2003 ዓ.ም. — የቪየናን ግማሽ ማራቶን አሸነፈ
• መስከረም 14 ቀን 2004 ዓ.ም. — ክብረ ወሰኑ በበርሊን ተሰበረ
• ግንቦት 2004 ዓ.ም. — በሄንግሎ ሰባተኛ ወጣ፤ ለለንደን ኦሊምፒክ አልተመረጠም
• ግንቦት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. — በማንቸስተር ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ